ሦስት ቀን የዘገየ ካሜራ

ሰኔ 15 ቀን 2004 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብሁ፤ ውኃ አሙቄ የአማቴን የእማማ ወለተ ሚካኤልን እግር አጠብሁ። ትናንት ከሉማሜ ይዤው የመጣሁትን ዳቦ በሻይ በላን። ሌሊት ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ቆሟል፤ ደጁ ጭቃ ነው። ለባለቤቴ ለአምሳሉ የአርባ ቀን ተዝካር ክክና ሽሮ የሚያሰናዱት ሴቶች ከሦስት ሰዓት በፊት አይመጡም። ቦቲ ጫማዬን አጥልቄ፣ ካሜራውን ከነጠላዬ ሥር ይዤ፣ ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጉብታ ወጣሁ።

ቀድሞ በየወሩ ወደዚያ የሚወጣው አምሳሉ ነበር። ሁለታችንም ደብረ ማርቆስ አንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን፤ እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ ባዮሎጂ። ከአባቱ የደረሰው ማሳ ከጉብታው ማዶ፣ ከቦረቦሩ ዳር ነው። ጎርፉ በየክረምቱ መሬቱን ምን ያህል እንደሚበላው ለማወቅ፣ አገር ቤት በመጣን ቁጥር ከቅጥሩ ወይራ ሥር ቆሞ ያን ማሳ ፎቶ ያነሣዋል። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዙም። ከተማሪዎቹ ይልቅ ለቦረቦሩ ያደላል እያልሁ እቀልድበት ነበር።

ካሜራው በመዳፍ የሚያዝ፣ ጥቁር፣ እንደ ሲጋራ ፓኮ ያለ ነው። ሲከፍቱት ሌንሱ ከሆዱ ይወጣል፤ ማንሻውን ወደ ቀኝ ሲገፉት ደግሞ እየረዘመ ይሄዳል፤ ሃያ እጥፍ ያቀርባል። ለሥልጠና ውጭ አገር ሄዶ የነበረ የሥራ ባልደረባችን ነው ያመጣለት። አምሳሉ መመሪያውን አንድ ሳምንት አነበበው። መጀመሪያ ያጠፋው ዲጂታል ዙም የሚባለውን ነው። «ሃያው ድረስ ያለው የሌንሱ ነው» አለኝ። «ከዚያ ወዲያ ካሜራው ያላየውን እየገመተ ይሞላል። ሩቅ ያለ ነገር ሲያምርሽ የብርጓል፣ ከሃያው አትለፊ።»

ቀጥሎ ቀኑን ሞላ። ካሜራው መጀመሪያ ሲከፈት ዓመተ ምሕረት ይጠይቃል። እሱ የኛን አስገባ፤ 2003። ሰዓቱንም በኛ ቆጠራ አደረገው። «የምንኖረው በዚህ ነው፤ ለምን በሰው ቀን ፎቶ እንነሣለን?» አለ። ከሜኑው ውስጥ ቀንና ሰዓት ፎቶው ላይ የሚያትመውን ምርጫ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ፎቶ ታችኛ ቀኝ ጥግ ብርቱካንማ ቁጥር ይታተማል፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሰዓት።

ችግሩ የካሜራው ወሮች የፈረንጅ መሆናቸው ነው። አንዳንዱ ሠላሳ አንድ ቀን አለው፤ ሁለተኛው ሃያ ስምንት። ስለዚህ አምሳሉ በየወሩ መባቻ ቁጭ ብሎ ቀኑን ያስተካክለዋል። ጳጉሜንንማ ጭራሽ አያውቀውም። «ጳጉሜን ካሜራዋ ትጾማለች» ይልና ዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

በ2004 ጥር መባቻ አስተካከለው። ከዚያ በኋላ ጉበቱ ታመመ። ግንቦት 9 ቀን ዐረፈ።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ የአምሳሉ ታላቅ ወንድም ሙላት ከአጠገቤ ካሉት ሰዎች ጋር ሲያወራ ሰማሁት። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «መሬት የሚያስፈልገው ልጅ ላለው ነው። ለሷ ደመወዟ ይበቃታል። በዘር ያልያዘችውን በምን ትይዘዋለች?» ሰዉ ወደ እኔ ዞሮ አየና መልሶ አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርሁ።

እንግዲህ በዚያ ዓርብ ጠዋት ከወይራው ሥር ቆሜ ካሜራውን ከፈትሁ። አምሳሉ በወር በወሩ የሚያነሣውን አንድ ጊዜ ላንሣለት ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ማንሻውን ገፋሁት፤ ቦረቦሩ ቀረበ፤ ማሳው ቀረበ። ከማሳው ዳር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ይሠራል። እስከ ሃያው ገፋሁት።

ካሜራው የሰው ፊት ሲያገኝ በነጭ ካሬ ይከበዋል። ሰውዬው ቀና ሲል ካሬው ፊቱ ላይ አረፈ። ሙላት ነው። በእጁ ዲጅኖ ይዟል። ከእግሩ ሥር የወሰኑ ድንጋይ ተነቅሎ ተጋድሟል። አባታቸው ለሁለቱ ሲያካፍሉ ያስቆሙት፣ አምሳሉ በልጅነቱ በግ ያስርበት እንደነበር የነገረኝ ድንጋይ ነው። ሙላት እያንከባለለ ወደ እኛ ማሳ አገባው። ስምንት እርምጃ ቆጠርሁ። ቆፈረ፤ አቆመ፤ አፈሩን በእግሩ ረገጠ፤ የነቀለበትን ጉድጓድ ደፈነና ሣር ጣል አደረገበት።

የካሜራው የንዝረት መከላከያ ሥዕሉን አጽንቶ ያዘው። ስድስት ጊዜ ተጫንሁ። ከዚያ ካሜራውን ዘግቼ ወረድሁ፤ ከሴቶቹ ጋር ክክ ለቀምሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ተዝካሩ ሆነ። የሐዋርያት ጾም ስለነበር ምግቡ የጾም ነበር። ሙላት ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ። «ወንድሜ ጥላዬ» እያለ ደረቱን መታ። እኔ ወጥ ጨመርሁለት።

ደብረ ማርቆስ እንደተመለስሁ ስድስቱን ፎቶዎች ፎቶ ቤት አሳጠብኋቸው። በፖስታ ተሰጡኝ፤ ቤት ገብቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኋቸው። ዲጅኖው፣ ድንጋዩ፣ የሙላት የተጣፈ ኮት፣ ፊቱ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጥቷል። ጥግ ላይ የታተመው ቁጥር እንዲህ ይላል፦ 12/10/2004፣ 2:40።

ሰኔ አሥራ ሁለት። ሰኔ ሚካኤል።

ሰኔ ሚካኤል ዕለት እኔ ደብረ ማርቆስ ፈተና እየፈተንሁ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ስመላለስ ስለከረምሁ ግን የትኛው ቀን እንደመጣሁ አገሬው ለይቶ አያውቅም። ካሜራውን አውጥቼ ቀኑን አየሁ። ዘግይቷል። ከጥር ወዲህ ያስተካከለው የለምና በሰኔ ሦስት ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። ትንሿ የመፍቻ ሥዕል ያለችበትን ገጽ ከፈትሁ፤ ቀንና ሰዓት የሚለው ላይ ደረስሁ፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አላስተካከልሁትም። ሜኑውን ዘጋሁት።

መጀመሪያ ግን በደንቡ ሄድሁ። ፎቶዎቹን ይዤ አምበር ከተማ፣ የመሬት ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ገባሁ። ወጣቱ ባለሙያ ትሕትና ነበረው። «ይኸ 2004 የኛ ነው የፈረንጅ?» አለኝ።

«የኛ።»

«እትዬ፣ ካሜራ በኛ አይቆጥርም። እኔ ባምንዎትም ዳኛው በፈረንጅ ነው የሚያነበው። በፈረንጅ 2004 ማለት ከስምንት ዓመት በፊት ነው።» ፎቶዎቹን ሰብስቦ መለሰልኝ። «ባይሆን በሽማግሌ ይያዙት። አገሬው ይቺን ቁጥር እንደ ዳዊት ያነባታል።»

ደግ ምክር ነው። ምን እንደመከረኝ ግን አላወቀም።

በአገራችን ድንበር የገፋ ሰው ይወቀሳል፣ ካሳ ይከፍላል፣ ይታረቃል። ድንበር ያልገፋ ማን አለ? ሰኔ ሚካኤልን ሽሮ፣ ታቦቱ ወጥቶ ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሰዓት፣ አርባው ባልወጣ ወንድሙ መሬት ላይ ዲጅኖ ያነሣ ሰው ግን ሌላ ነው። ለሱ እርቅ የለውም። እኔም እርቅ አልፈለግሁም። ሙላት አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ብሎኝ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በሌላ ወሰን እንዲመጣ አልፈለግሁም። ድንኳን ውስጥ በሰው ፊት እንዳቀረቀርሁት፣ በሰው ፊት እንዲያቀረቅርና ቀና እንዳይል ፈለግሁ።

አምሳሉ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበር። ማኅበሩ በወር በወሩ በአሥራ ሁለት ከአባል አባል ቤት እየዞረ ጽዋ ይጠጣል። የሐምሌ ተራ የአምሳሉ ነበር። «ተራውን እኔ አወጣለታለሁ» ብዬ ላክሁ። ሁሉም መረቁኝ። ሙላትም ማኅበርተኛ ነው፤ መቅረት አይችልም።

በዋዜማው ካሜራውን ከፍቼ ቀኑን አስተካከልሁት። አሥራ አንደኛው ወር፣ አሥራ አንደኛው ቀን። አምሳሉ እውነቱን እንዲናገር ነበር የሚያስተካክለው። እኔ ውሸቱ እንዳይታወቅበት አስተካከልሁት።

ሐምሌ 12 ቀን ማኅበርተኞቹ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው በእማማ ወለተ ሚካኤል ቤት ተቀመጡ። አሥራ ሦስት ነበሩ። የማኅበሩ አለቃ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ ለአርባ ዓመት ተማሪ ባሕረ ሐሳብ ሲያስቆጥሩ የኖሩ፣ የዘመን ቆጠራን በጣታቸው አንጓ የሚያወጡ ሽማግሌ። ዳቦው ተባረከ። ጽዋው ከመነሣቱ በፊት እንደ ልማዱ ጠየቁ። «ቂም የያዘ አለ? ያለ ይናገር፤ በቂም የተጠጣ ጽዋ ፍም ነው።»

ብዙ ጊዜ ማንም አይናገርም። ተነሥቼ «እኔ አለኝ የኔታ» አልሁ።

ሙላት ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ ሙላት የወሰኑን ድንጋይ ነቅለው ማሳዬ ውስጥ ተክለዋል።»

«ጎርፍ ነው» አለ ሙላት ወዲያው። ተዘጋጅቶበት ኖሯል። «ቦረቦሩ ነው የገፋው። የከተማ ሰው ክረምት አታውቂም።»

«ጎርፍ ሽቅብ ይሄዳል እንዴ?» አለ አበረ። አበረ ከሁሉ ምላሰኛ ነው፤ ራሱ ከሙላት ጋር በውኃ ቦይ ተጣልቶ ያውቃል።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ጎርፉን ልጠይቀው ብዬ ነዋ።»

አንዳንዱ ሣቀ። መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ሙላት፣ በሚካኤል ፊት ነህ። ድንጋዩን ነክተሃል?»

«በሚካኤል! እጄ አልነካውም።»

ይህን ነበር የምጠብቀው። ፖስታውን ከፍቼ ፎቶዎቹን ለመሪጌታ ሰጠሁ። እሳቸው ዐይናቸው ደክሟል፤ ለአበረ አቀበሉት። አበረ አንድ በአንድ አየ፤ ፈገግ ብሎ ጀመረ፤ መጨረሻው ላይ ፈገግታው ጠፋ።

«ሙላት ነው። ኮቱም እሱ ነው። ዲጅኖ ይዟል» አለ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ዐይኑ አቀረበው። «የኔታ፣ ቀን አለበት። አሥራ ሁለት፣ አሥር፣ ሁለት ሺህ አራት። ሁለት ሰዓት ከአርባ።»

«አሥረኛው ወር...»

«ሰኔ ነው የኔታ። ሰኔ ሚካኤል።»

ፎቶዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። አንዱ አማተበ። ሌላው ፎቶውን ትኩስ ነገር የያዘ ይመስል ቶሎ ለጎረቤቱ ሰጠ። እማማ ወለተ ሚካኤል ከመደባቸው ላይ ሆነው «ምን አለ? ምን ላይ ተገኘ?» ይላሉ።

«ሙላት» አለ አበረ፣ አሁን ሳይሥቅ፣ «እኛ ታቦት ስናነግሥ አንተ ዲጅኖህን ታነግሥ ኖሯል?»

«ያን ቀን አምበር ልጄ ቤት ነበርሁ! ጎሕ ሳይቀድ ነው የወጣሁ!»

«ማን አየህ?»

«ልጄ አለች፤ አማቼ አለ...»

«አማች ለአማቹ!»

መሪጌታ ግን ቸኩለው አልፈረዱም። ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። ጣታቸውን አንጓ በአንጓ እየነኩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይኸ ዕቃ የፈረንጅ ነው አይደል?»

«አዎ የኔታ።»

«የነሱ ወር ሠላሳ አንድ አለው፤ ሃያ ስምንትም አለው። የኛ ሠላሳ ነው። ታዲያ ሰኔ አሥራ ሁለት መሆኑን ማን ነገረው?»

«አምሳሉ በየወሩ መባቻ ያስተካክለው ነበር።»

«ነፍሱን ይማር። እሱ ካረፈስ ወዲህ?»

«እኔ» አልሁ።

«ዛሬን ስንት ይላል?»

ካሜራውን ከነጠላዬ አውጥቼ ከፈትሁት። አበረ አጠገቤ መጥቶ አነበበ። «አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ፣ ሁለት ሺህ አራት። ልክ ነው የኔታ፤ እንደ ሰው ያውቃል።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙላት በዚህ ጊዜ ከመቀመጫው ተነሥቶ መሐል ቤት ቆመ። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው።

«የኔታ፣ በአሥራ አምስት ነው።»

«ምኑ?»

«ድንጋዩን ያነሣሁት። ዓርብ ዕለት ነው። ሚካኤልን አልሻርሁም። ሌባ በሉኝ፤ ሌባ ነኝ፤ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው። በዓል ግን አልሻርሁም።»

«አሁን በሚካኤል ምለህ አልነካሁም አላልህም?» አለ አበረ። «የትኛውን መሐላህን እንመን?»

ሙላት ከአበረ ዞር አለ። እኔን ነው የሚያየው። «ይኸ ዕቃ ተሳስቷል። የብርጓል፣ የልደታውን ፎቶ አሳዪያቸው።»

ካሜራውን በሁለት እጄ ያዝሁ።

«የትኛውን?» አሉ መሪጌታ።

«ግንቦት ልደታ፣ ንፍሮ እየበላን፣ አምሳሉ ፎቶ አነሣ። እኔ ነበርሁ። እማማም ነበሩ። ግንቦት አንድን የማያውቅ የለም። ያ ፎቶ ግንቦት አንድ ካለ እኔን ውገሩኝ። ካላለ ግን ዕቃው ውሸታም ነው።»

«ፍርድ ነው» አሉ መሪጌታ። «ልጄ፣ አለሽ?»

ካሜራው በእጄ ላይ ሆኖ የባትሪው ምልክት ቀልቶ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ሁሉም ያዩታል። «ባትሪው እያለቀ ነው» አልሁ። «ሌላው ጓዳ ነው፤ ልቀይረው።»

ጓዳ ገብቼ መጋረጃውን ዘጋሁ። ባትሪውን ለወጥሁ። የማሳያዋን ቁልፍ ተጫንሁና ወደ ኋላ ሄድሁ፦ 0225፣ 0224፣ እስከ 0220 የድንጋዩ ፎቶዎች ናቸው። ከዚያ 0219 መጣ።

ከቀብሩ ማግስት ወዲህ አላየሁትም ነበር። ለተዝካሩ እንኳ የመታወቂያ ፎቶውን ነው ያስተለቅሁት፤ ይህን የፎቶ ቤት ሰው እንዲያየው አልፈለግሁም። አምሳሉ ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ስለሚሆን በአንዱም ፎቶ የለም፤ ያለው በዚህ ብቻ ነው። ያን ዕለት ካሜራውን ከግንቡ ላይ አስቀምጦ በራሱ እንዲያነሣ አሥር ሴኮንድ ሞላው። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ሲጀምር ወደ እኛ መጣ። አሥር ሴኮንድ ለጤነኛ ሰው ይበቃል። ለሱ አልበቃውም፤ ጉልበቱ ከዳው። ሙላት ዘሎ ክንዱን ያዘውና ከእኔ አጠገብ አስቀመጠው። ፎቶው የተነሣው ያኔ ነው። እኔ ካሜራውን አያለሁ። አምሳሉ ካሜራውን አያይም፤ እየሣቀ ሽቅብ ወንድሙን ነው የሚያየው። የሙላት ፊት ከክፈፉ ውጭ ቀርቷል፤ የገባው እጁ ነው፤ የአምሳሉን ክንድ አጥብቆ ይዟል። ጥግ ላይ ብርቱካንማው ቁጥር አለ፦ 29/8/2004። ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ።

ይዤው ብወጣ መሪጌታ በጣታቸው አንጓ ሒሳቡን ያወጡታል። በልደታ ሁለት ቀን የዘገየ በሰኔ ስንት ይዘገያል? ሙላት ሌባ ይባላል፤ ይገሠጻል፤ ድንጋዩን ይመልሳል፤ በዚያው ጽዋ አፉን አድርጎ ይጠጣል። እኔ ደግሞ «እኔ አስተካክዬዋለሁ» ብዬ ዋሽቻለሁ።

ከመጋረጃው ማዶ አበረ ሲናገር ይሰማኛል። «ሙላት፣ ተቀመጥ እንጂ፤ ድንጋይ ሲያነሣ የዋለ ሰው ይደክመዋል።»

ፎቶውን እዚያው ትቼ መውጣት አልችልም ነበር፤ አበረ ቁልፉን መጫን ያውቃል፤ ካንዱ ወዳንዱ ያሻግራቸዋል። የቅርጫቷን ሥዕል ተጫንሁ። አልጠፋም። ከቀብሩ ማግስት ማንም በስሕተት እንዳያጠፋው እኔው ቆልፌው ነበር፤ ጥግ ላይ ትንሽ ቁልፍ ተሥላለች። ሜኑ ገባሁ። መቆለፊያውን አነሣሁ። ቅርጫቷን እንደገና ተጫንሁ። ይጥፋ ወይስ ይቅር ብሎ ጠየቀኝ። ካሜራው የሚያጠፋው ነገር ሲኖር ሁልጊዜ የሚመርጥልህ ይቅር የሚለውን ነው፤ ይጥፋ ወደሚለው ራስህ መውረድ አለብህ። አንድ ጊዜ ወደ ታች ተጫንሁ፤ ከዚያ የመሐሉን ቁልፍ።

ወጣሁ። «የልደታው አልወጣም የኔታ» አልሁ። «ከዚያ በፊት ያለው የጥምቀት ነው።»

አበረ ተቀብሎኝ አየ። «ይኸው ታቦቱ ከነድባቡ። አሥራ አንድ፣ አምስት፣ ሁለት ሺህ አራት። ጥር አሥራ አንድ፤ ጥምቀት፤ ልክ!» ቁልፉን ተጫነ። «ቀጥሎ የሙላት ዲጅኖ ነው። በመሐሉ ምንም የለም።»

«ወጥቷል» አለ ሙላት። «መብራቱ ብልጭ ሲል አይቻለሁ። አምሳሉ መልሶ አሳይቶኛል፤ እጄን አይቻለሁ እኮ።»

ማንም አልሰማውም። መሪጌታ ጣታቸውን መቁጠር ትተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ጥምቀት ልክ ነው፤ ዛሬ ልክ ነው፤ መሐሉ ለምን ይሳሳታል?

ፍርዱ ረጅም አልነበረም። ድንጋዩ ነገ በሰው ፊት ይመለስ። ሙላት ከማኅበሩ ይውጣ። በደቦው ማንም አይገኝ፤ እሳት አይጫጫሩት። መሪጌታ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ደስተኛ አልነበረም፤ የሌሎቹ ግን ነበር።

ሙላት ቆቡን አጠለቀ። ሲያልፍ አጠገቤ ቆመ፤ እኔ ብቻ እንድሰማ አድርጎ ተናገረ። የጠበቅሁት እርግማን ነበር።

«የብርጓል፣ ወንድሜን የት አደረግሽው?»

ወጣ። ጽዋው ተነሣ፤ ዞረ፤ እኔም ደረሰኝና ጠጣሁ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እማማ ወለተ ሚካኤል ጠሩኝ። ዕቃ እየሰበሰብሁ ነበር። «ልጄ፣ ሙላት በሚካኤል ቀን ነው ያደረገው? ያየሽው አንቺ ነሽ።»

«ካሜራው እንደዚያ ይላል እማማ።»

«ካሜራውን አልጠየቅሁም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ደግመው አልጠየቁኝም።

ድንጋዩ በማግስቱ ተመለሰ። ሙላት በዚያ ክረምት ብቻውን አረሰ፤ ያለ ደቦ የታረሰው ማሳው ግማሹ ጦም አደረ። በመስከረም በሬዎቹን ሸጦ አምበር ልጁ ቤት ገባ። በመንገድ ላይ ያዩት ሰዎች አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል ይሉኛል። የፈለግሁት ይህን ነበር፤ አገኘሁት። እርካታው ውሸት ነበር ብዬ አልጽፍም። ብዙ ቀን በደንብ ተኝቻለሁ።

ካሜራው አሁንም ይሠራል። ሌንሱ ሲወጣ ትንሽ ይንቋረራል እንጂ እስከ ሃያው ድረስ ይሄዳል። በየወሩ መባቻ ቀኑን አስተካክላለሁ፤ በጳጉሜን ዘግቼ አስቀምጠዋለሁ። አገር ቤት በሄድሁ ቁጥር ከወይራው ሥር ቆሜ ማሳውን አነሣለሁ፤ ድንጋዩ በቦታው አለ፤ ቦረቦሩ ካምናው ሁለት እርምጃ ቀርቦታል። አንዳንድ ጊዜ የማሳያዋን ቁልፍ እየተጫንሁ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ፎቶዎቹ በተራ በተራ ያልፋሉ፤ ከ0220 ቀጥሎ የሚመጣው 0218 ነው። 0219 የለም።